እማዬ የጠበቀችው ምዕራፍ

መስከረም 4

በሳሙና አረፋ መሀል ለምትኖረው ለእትዬ፤

ሰላምታው ከእኔም ከእማዬም ነው። የእሷ ድርሻ ይበልጣል፤ «የእኔ ይብለጥ ብለሽ ጻፊ» ብላኛለች። ጉልበቷ ያው እንደምታውቂው ነው፣ ዓይኗም ያው፤ ምላሷ ግን ተመስገን ከሁላችንም ይልቅ ጤነኛ ነው።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈጀሽ ላልሽው፣ መልሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ስልክ በጮኸ ቁጥር «ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ ሁላችንም እንስማ» ትላለች። ሁላችንም ማለት እሷ፣ እኔ፣ በመስኮቱ ማዶ ደግሞ ባለሱቋ ጎረቤታችን ነን። እኔ የማወራልሽ ሐሜት ነው፤ ሐሜት ደግሞ በድምፅ ማጉያ አይሆንም።

የትኛውን የንባብ ዕቅድ መረጣችሁ ላልሽው፣ ምርጫው ራሱ ሌላ ጦርነት ነበር። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ዘንድሮ ግን ቆርጣ ተነሥታለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የመረጠልኝን ቁራጭ ስሰማ ኖርኩ፤ ሰባኪው አንድ መስመር ያነብና አንድ ሰዓት ስለ ራሱ ያወራል። አሁን መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉውን ልስማ፣ አንቺ አንብቢልኝ» አለች። ጠዋት ከኦሪት ማታ ከወንጌል የሚል ዕቅድ አመጣሁላት። «ይሄ ንባብ ነው ወይስ የሠርግ ሳህን? ከሁሉም ጥቂት ጥቂት!» ብላ መለሰችው። ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ነው የጣማት።

ይህን ስንል ሰብሳቢው ደረሱ። አጎታችንን ማለቴ ነው፤ የእማዬን የአባት ልጅ። ይህን ስም ያወጣሽላቸው አንቺ ነሽ፣ እሳቸውም እስከ ዛሬ አላሳፈሩሽም፤ ሠርጉንም፣ ለቅሶውንም፣ የጉባኤውን ኮሚቴም ይሰበስባሉ። ዘንድሮ ደግሞ የዓመት ንባቡን ራሳቸው አዘጋጅተው፣ በሚያብረቀርቅ ካርቶን አሳትመው፣ ለየቤቱ አድለዋል። ፎቷቸው ከርእሱ ይበልጣል። እማዬ ካርቶኑን ዳበስ ዳበስ አደረገችና «ሙሉው ነው?» አለቻቸው።

«ሙሉው ነው፣ እህቴ» አሉ።

ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሻይ ሊጠጡ የላይኛውን ጥርሳቸውን አውልቀው የውኃ ብርጭቆ ውስጥ ጣሉት። እኔ እንግዲህ ስድስት ቀን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ሠራሽ ጥርስ ስቀርጽ የምውል ነኝ፤ አፍ አያስጠላኝም። ያንንም ጥርስ የሠራሁት እኔው ነኝ። በእናቴ ጠረጴዛ ላይ ውኃ ውስጥ ተንሳፍፎ ሲስቅብኝ ግን ቅፍፍ ይለኛል። እማዬ በዚያ ሰዓት ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

እኛ በካርቶኑ እንሄዳለን፤ አንቺ ግን አያስፈልግሽም። ዘፍጥረትን ከፍተሽ በየቀኑ ሦስት አራት ምዕራፍ እያልሽ ተከተይን።

ታናሽሽ

ጥቅምት 19

ሚጡዬ፣

ስለ ዘገየሁ ይቅር በይኝ። እጄን ምን እንደነካው አትጠይቂኝ፤ ድኗል፣ ይኸው ብዕር ይዟል።

ምሳ ሰዓት ላይ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የአንሶላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ዘሌዋውያንን አነባለሁ። የቆዳ ቁስል፣ የሰውነት ፈሳሽ፣ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ሻጋታ! ቀና ስል ደግሞ ያው ከሆቴሉ ክፍሎች ተለቅሞ የወረደ አንሶላ ይጠብቀኛል። እኔ እምልሽ፣ የሰው ልጅ ከሙሴ ዘመን ወዲህ የለወጠው አልጋውን ብቻ ነው። ከዚህ አንሶላ ላይ በእጄ የማነሣውን ብነግርሽ ለሳምንት እህል አትቀምሺም።

«ምነው ወደ ኋላ ቀረሽ?» ላልሽኝ ግን እኔ አልቀረሁም። እናንተ ናችሁ የዘለላችሁት። ያ ሽማግሌ ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ዋሻ የገባበትን አንብበሻል? አማቷን መንገድ ላይ ቁጭ ብላ የጠበቀችውን ምራትስ? የፈሳሹን ሕግስ? አንዱንም አላነሣሽልኝም። እማዬ ያንን ሰምታ ምንም ካላለች፣ እዚያ ቤት ያለችው ሌላ እማዬ ናት።

እማዬ ሰብሳቢው ቤት አድራ ታውቃለች ወይ ላልሽው፣ አታውቅም። እኛንም አሳድራን አታውቅም። ልጆች ሳለን «ቤታቸው ጠባብ ነው» ትለን ነበር። ስድስት ክፍል ያለውን ቤት! አሁን እዚያ ትሰንብት ብለው መጋበዛቸው ምን አስበው ነው? እሺ እንዳትዪ።

እህትሽ

ኅዳር 22

እትዬ፣

ለመልስ ስለ ቆየሁ አትቀየሚኝ። ካርቶኑን ከመጽሐፉ ጋር ሳስተያይ ነው የሰነበትኩት። ልክ ነሽ፣ ይዘላል። ደግሞ ለአመል ያህል አይምሰልሽ፤ አስቀያሚውን ሁሉ እየለቀመ ነው የሚዘለው። ሰብሳቢውን ብጠይቃቸው «የማያንጽ ነው። በቤተሰብ ፊት የማይነበብ ነገር አለ» አሉኝ፣ ጥርሳቸውን በምላሳቸው ገፋ እያደረጉ።

ተናደድሽ ወይ? አልተናደድኩም፣ እንዲያውም ቀለል አለኝ። እስቲ አንቺ ስለዚያ ዋሻ ለእናትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት!

ደግሞስ እኛን ማን አየን፤ የባለሱቋን ብታዪ! ስልኳ ላይ የሚያነብ ድምፅ አስጭናለች፣ ፍጥነቱን ደግሞ እጥፍ አድርጋዋለች። ስኳር እየመዘነች፣ ከደንበኛ እየተጨቃጨቀች፣ ነቢያት ሁሉ እንደ ጨረታ አጫራች እየተንጣጡ ያልፋሉ። «ምን ገባሽ?» ብላት «የሚገባው ሲያልቅ ነው» አለችኝ። ያስጠላል፣ ግን ያስቃል። ጉባኤው በሙሉ ሩጫ ላይ ነው። ካርቶኑን የጨረሰ በዓመቱ መጨረሻ መድረክ ላይ ይጠራል፣ የምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል። አሁን ሰው ሰላም ሲባባል እንኳ «እንዴት አደርክ» ቀርቶ «የት ደረስክ» ሆኗል።

እማዬ አወቀች ወይ ላልሽኝ፣ ማወቋን እኔም አላወቅሁም። ብቻ በጨረስን ቁጥር «የቀረ የለም?» ትለኛለች። እኔም «የለም» እላለሁ።

ባለፈው ግን አንድ ነገር አወጣች። «መጽሐፉ ውስጥ የምጠብቀው አለ። ነገሥታቱ ቤት ነው፣ ሲመጣ አውቀዋለሁ። እሱን ሳልሰማ እንዳልሞት» አለች።

«ንገሪኝና አሁኑኑ ልፈልግልሽ» አልኳት።

«አይሆንም። እኔ ጠየቅሁ እንዳይባል። በራሱ ተራ ይምጣልኝ።»

እስከዚያው በየሳምንቱ ሻይ ሊጠጡ የሚመጡት ሰውዬ «የት ደረሳችሁ?» ሲሏት «እየመጣሁ ነው» ትላቸዋለች። እንዲህ ብሎ መልስ አለ?

ሚጡ

ጥር 6

እትዬ፣

በስልክ «ደኅና ናት» ያልኩሽ እማዬ አጠገቤ ስለ ነበረች ነው። ደኅና አይደለችም። ሐኪም የሚያየው በሽታ አይደለም፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አትናገርም።

የንጉሡ ቤት ደርሰን ነበር። እማዬ ትራሷን ተደግፋ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ሆና ነው የጠበቀችኝ። አነበብኩ። ካርቶኑ እንደሚለው አልፌ አልፌ አነበብኩ። የንጉሡ ልጅ በድንገት ከሀገር ሸሽቶ ተገኘ።

«ለምን ሸሸ?» አለችኝ።

«እዚህ ላይ የለም፣ እማዬ።»

«የእህቱስ ነገር?»

«የትኛዋ እህት?»

እትዬ፣ ያቺን «የትኛዋ እህት»ን ከአፌ መልሼ ብውጣት በወደድኩ። ፊቷ ላይ መብራት እንደ መጥፋት ያለ ነገር ሆነ። «አለፈኝ ማለት ነው» አለች። ምኑ እንደሆነ ብጠይቃት «ተይው። በቃኝ። ይሄም መጽሐፍ እንደ ሰው ነው» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ይኸው ሳምንት ሆነ፣ መጽሐፉን ስይዝ ብርድ ልብሷን ትከናነባለች።

ሰብሳቢው ትናንት መጥተው «ሰው በዚህ ዕድሜ ይሰለቻል፣ አታስጨንቂያት» አሉኝና ስኳር ጨምሪልኝ አሉ።

አንቺ ሙሉውን እያነበብሽ ነው። እዚያ መሀል ያለው ምንድን ነው? እኔ ከፍቼ ለማየት ፈራሁ። በአንቺ እጅ ይምጣልኝ።

ሚጡ

ጥር 19

ሚጡዬ፣

ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው። ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልሻለሁ።

የተዘለለው ሁለተኛ ሳሙኤል አሥራ ሦስት ነው። የንጉሡ ወንድ ልጅ ታምሜአለሁ ብሎ ይተኛል። የአባቱ ልጅ የሆነችው እህቱ ሄዳ ታስታምመው ተብሎ ትላካለች። ሰው ሁሉ ከክፍሉ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። እንቢ አለች፣ ለመነች፤ አልሰማትም። ከዚያ እንደ ቆሻሻ ገፍቶ አስወጣት። የእናቷ ልጅ የሆነው ወንድሟ ደግሞ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ዝም በይ፣ ወንድምሽ ነው አላት።

አሁን የእኔን ስሚ። ሟቿ አክስታችን አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፍን ነገረችኝ። እማዬ ከማግባቷ በፊት፣ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ሰብሳቢው ታመሙ ተብሎ ልታስታምም ወደ ቤታቸው ተልካ ነበር። ስትመለስ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ከረመች። አያታችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላ ነገሩን ዘጋችው። አክስታችን እዚህ ስትደርስ አንሶላውን አራግፋ ወሬውን ለወጠችው።

ስድስት ክፍል ያለው ቤት ለምን እንደ ጠበበን ገባሽ?

ከዚያ ወዲህ እህል አስጠልቶኛል። ዓመት ሙሉ የሰው እድፍ ሳጥብ እንዲህ አቅለሽልሾኝ አያውቅም። ሰውዬው ከእኛ ቤት ሻይ ሲጠጣ የኖረባቸውን ዓመታት አስቢ። ቁጭ ብሎ፣ መነጽሩን ሰክቶ፣ ከእግዚአብሔር መጽሐፍ ላይ ራሱን ቆርጦ ያወጣበትን ቀን አስቢ። እትፍ!

እማዬን ምንም እንዳትጠይቂያት። አንብቢላት ብቻ።

እህትሽ

የካቲት 2

እትዬ፣

አነበብኩላት።

ምሳ በልተን፣ መጋረጃውን ከፍቼ፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ የዘለልኩት ነበረ፤ ልመለስ?» አልኳት። ከብርድ ልብሷ አልወጣችም። ጀመርኩ። ታመምኩ ብሎ የተኛበት ላይ ስደርስ ብርድ ልብሱ ወረደ። በሩ የተዘጋበት ላይ ስደርስ እጄን ያዘች። ስጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ታዲያ አለ» አለች።

«አለ፣ እማዬ።»

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩ። ሦስተኛም አነበብኩ። ከዚያ ነገረችኝ። አዲስ ሙሽራ ሳለች እሷ በአዳራሹ የኋላ ወንበር ተቀምጣ ስትሰማ፣ አንዲት ሴት ከፊት ቆማ ይህንኑ ማንበብ ጀምራ ነበር። ገና ከጅምሩ አንድ ሽማግሌ ሳል አሉና መዝሙር አስለወጧት። እማዬ የሰማችው እህቱ ልታስታምመው እስከ ተላከችበት ነው፤ «ወንድምሽ ነው፣ ዝም በይ» እስከሚለው ድረስ እንኳ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በየስብከቱ ስትጠብቀው ኖረች። የሚያነሣው ሲጠፋ፣ ያኔ የሰማሁት በሕልሜ ይሆናል ማለት ጀምራ ነበር።

«የልጅቷ ስም ተጽፏል?» አለችኝ።

«ተጽፏል።»

«የእሱስ?»

«የእሱም።»

«ጥሩ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ወደ መስኮቱ እያየች፣ «እኔም የታመመ ላስታምም ነበር የሄድኩት» አለች። ከዚያ ሻይ አፍዪልኝ አለችኝ። ይኸው ነው። እኔም በአንቺ ምክር አልጠየቅሁም።

ስለ ራሴ ለጠየቅሽው፣ እኔ ደኅና አይደለሁም። በዚያው ሳምንት የሰብሳቢው ጥርስ ተሰንጥቆ ላብራቶሪ መጣ (አንቱታው ከአፌ ጠፍቷል፣ አትገሥጪኝ)። ሳጥኑን ስከፍት ያ የማውቀው ድድ፣ የሻዩ ቡናማ እድፍ፣ የእኔው እጅ ሥራ! ወጥቼ አስመለስኩ። የሥራ ባልደረባዬ «እርግዝና ነው እንዴ?» ብላ ሣቀችብኝ። በጓንት ላይ ጓንት ደርቤ እንኳ ጣቴ እንቢ አለኝ። ሳጥኑን እንዳለ ልመልስለት ቆረጥኩና ማታ ለእማዬ ነገርኳት።

ምን አለችኝ መሰለሽ? «አሳምረሽ ሥሪለት። ጥርስ ያስፈልገዋል፣ የሚያነበው አለ።»

አልገባኝም። ግን ሠራሁት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጥርስ ሠርቼ አላውቅም።

አሁን ካርቶኑ የዘለለውን ሁሉ ከመጀመሪያው እየለቀምን ነው። ዋሻውንም አነበብኩላት። «ወይ ጉድ! ይሄንንማ ለባለሱቋ መንገር አለብኝ» ብላ ሣቀች። አዎ፣ ሣቀች። እሱ አሁንም ይመጣል። በሩን ልዝጋበት ስል «ተይው ይምጣ። እኔ ገና አልጨረስኩም» ትለኛለች። ሻዩን የማቀርበው እኔ ነኝ፤ እጄን እንዴት እንደምታጠብ ብታዪ!

ሚጡ

ነሐሴ 24

ሚጡ፣

ለምስክር ወረቀቱ በዓል አልመጣም። ፈቃድ ከለከሉኝ፤ ቢፈቅዱልኝም ያንን አላይም። መድረክ ላይ? ከእሱ ጎን? ከእሱ እጅ፣ የእሱ ፎቶ ያለበት ወረቀት ልትቀበል? «እሷ ናት እሺ ያለችው» ትዪኛለሽ። እሷማ ዕድሜዋን ሙሉ እሺ ስትል ነው የኖረችው! አንቺ ምን ልትሠሪ እዚያ ተቀመጥሽ?

«ጥሩ ቀሚስ ላኪልኝ ብላለች» ላልሽው፣ ልኬአለሁ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ በደንብ ተኩሼዋለሁ። ስተኩሰው ግን እያንገሸገሸኝ ነበር።

ቢያንስ እጁን አትጨብጠው። ይህን ብቻ ቃል ግቢልኝ።

እህትሽ

ጳጉሜን 3

እትዬ፣ ክፉ አፍሽን ለዛሬ ያዢና ስሚኝ።

እጁን አልጨበጠችም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እያንዳንዱ ሰው መጽሐፉን ታቅፏል፤ ዓመት ሙሉ የሮጡበት ነውና ማሳየት አለባቸው። ባለሱቋ ቀድማ ተጠራች፣ ሁለት ጊዜ ፈጥና ጨርሳ የለ! ምስክር ወረቀቷን ይዛ፣ ስልኳንም ሳትለቅ ወርዳ ፊት ወንበር ተቀመጠች። ከዚያ እማዬ ተጠራች። ደግፌ አወጣኋት። ቀሚሱ ልክ ነው፣ አመሰግናታለሁ በያት ብላለች።

ሰብሳቢው ማይኩን ይዞ «እህቴ በዚህ ዕድሜዋ ሙሉውን ሰምታለች!» አለ። ጭብጨባ ሆነ። ወረቀቱን ዘረጋላት፣ እማዬ ግን እጇን አልዘረጋችም።

«ሙሉውን በካርቶንህ አልሰማሁም» አለች። ማይኩ ቅርብ ነበርና ሁሉም ሰማ። «ብዙ አስቀርተሃል። አንዱን ግን ከአንተ አፍ ነው የምፈልገው። ሁለተኛ ሳሙኤል፣ አሥራ ሦስት። አንብብልኝ፣ ወንድሜ።»

ሰው ምን ያውቃል፣ የእህትና የወንድም ፍቅር መሰለው። «ያንብቡላት! ያንብቡላት!» እያለ ሣቀ። እጃቸው ዓመት ሙሉ የለመደ ነውና ሁሉም መጽሐፉን ገለጠ። ያ የገጽ ኮሽታ እንደ ዝናብ ከፊት ወደ ኋላ ሄደ።

እሱ «መነጽሬን ረስቼ…» አለ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር።

ከዚያ ዝምታ መጣ። መጀመሪያ ፊት ያሉት ዝም አሉ፣ ቀጥሎ መሀል ያሉት። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ እንደ ወረደ ድምፃቸው ጠፋ። አንድ በአንድ ቀና እያሉ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያሉ። እናቶቹ ሴት ልጆቻቸውን ወደ ጎናቸው ሳብ ሲያደርጉ በዓይኔ አየሁ። በዚያ ጸጥታ መሀል ማይኩ አንድ ነገር አሰማን፤ እኔ ያሳመርኩለት ጥርስ አፉ ውስጥ ሲንገጫገጭ።

እማዬ ቆማ ጠበቀች። «እናንተ አነበባችሁ። እኔስ?» አለች። «እኔ ፊደል አላውቅም።»

ያኔ ማን ብትነሣ ጥሩ ነው? ባለሱቋ! ስልኳን ይዛ መድረኩ ላይ ወጣች። ምዕራፉን አወጣች፣ ነካ ስታደርገው ያው የጨረታው ሩጫ ጀመረ። ደንግጣ አቆመችው። በወፍራም ጣቷ ፈልጋ ፈልጋ፣ ዓመቱን ሙሉ ነክታው የማታውቀውን ፍጥነት ወደ ሰው ንግግር መለሰችው። ማይኩን ከእሱ እጅ ላይ ወሰደችና ስልኩ ላይ ያዘችው።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነበበ፣ ቃል በቃል። እሱ በጎን በር የወጣው «ዝም በይ» የሚለው ጋ ሲደርስ ነው። የምስክር ወረቀቶቹ ክምር ወንበሩ ላይ ቀረ፣ ማንም አላነሣውም።

መንገድ ላይ ባለሱቋ ክንዷን ሰጥታት እስከ ቤት አደረሰቻት። ምንም አልጠየቀቻትም። እሷ፣ ሳትጠይቅ! ነገሩ ለጉባኤው እንደ ገባው ለማወቅ ይህ ይበቃል።

እሱ ምን ሆነ፣ ምን አለ፣ ማን ምን አደረገው ብለሽ እንደምትጽፊልኝ አውቃለሁ። ቆይ፣ ሌላ ቀን። እስካሁን በራችንን አልረገጠም። እኔ ብርጭቆዋን ጣልኳት፣ ያቺን የጥርሱን። እማዬ የስብርባሪውን ድምፅ ሰምታ «ብርጭቆዋ ምን አደረገችሽ?» አለችና ሣቀች። ማቅለሽለሹ እኔን ገና አልለቀቀኝም። እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሕፃን ተኛች።

ዛሬ ጠዋት ልጽፍልሽ ስቀመጥ «ለእትዬ ምን ልበልልሽ?» አልኳት። ሻሿን አስተካክላ፣ ትራሷን ተደግፋ ትንሽ አሰበች።

«የቀረኝ ምዕራፍ የለም በያት» አለች።

ሚጡ